የክሪስታልን መዋቅር በላቲስና በሽግሽግ ቬክተር መጻፍ፦ ከገበታ ጨው የሚነሣ የአሠራር መመሪያ

የገበታ ጨው ቅንጣት በማጉያ መነጽር ሲታይ ጠርዞቹ ቀጥ ያሉ፣ ማዕዘኖቹም 90 ዲግሪ የሆኑ ትንሽ ሳጥን መስሎ ይታያል። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመል የሚጫነው አሞሌም ሆነ የባሕር ውኃ ተንኖ የሚተወው ጨው በውስጡ ያለው የአቶሞች አደራደር ያው ነው። የጎኑ ርዝመት 0.3 ሚሊሜትር በሆነ ቅንጣት ውስጥ ይህ አደራደር በአንዱ ጠርዝ ላይ ብቻ 530,000 ጊዜ ያህል ይደገማል። አቶሞቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ መመዝገብ የማይታሰብ ነው፤ ደግነቱ አያስፈልግም። የሚደገመውን ነገር አንድ ጊዜ፣ የድግግሞሹን አቅጣጫና ርቀት ደግሞ በሦስት ቬክተሮች መጻፍ ይበቃል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ስኩዌር ደብተር፣ እርሳስና ካልኩሌተር ላለው፣ ቬክተር መደመርን ለሚያውቅ ሰው የታሰበ ነው።

በቅድሚያ፦ ላቲስ እና ቤዚስ

ላቲስ ማለት በጠፈር ውስጥ ማብቂያ በሌለው ሥርዓት የተደረደሩ ነጥቦች ስብስብ ሲሆን፣ ከየትኛውም ነጥብ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው የሚታየው ነገር፣ አቅጣጫውም ጭምር፣ ፍጹም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ነጥቦቹ አቶሞች አይደሉም፤ የሂሳብ ምልክቶች ናቸው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚቀመጠው የአቶም ወይም የአቶሞች ቡድን ቤዚስ ይባላል፤ ክሪስታሉ የሚገኘውም ይህ ቡድን በሁሉም ነጥቦች ላይ ሳይዞርና ሳይገለበጥ ሲቀመጥ ነው።

ሦስቱን መሠረታዊ ቬክተሮች ሀ፣ ለ እና ሐ ብለን ብንሰይማቸው፣ ከመነሻው ነጥብ ወደ ማንኛውም ሌላ የላቲስ ነጥብ የሚወስደው የሽግሽግ ቬክተር እንዲህ ይጻፋል፦

መ = ነ₁ሀ + ነ₂ለ + ነ₃ሐ

ነ₁፣ ነ₂ እና ነ₃ ዜሮን፣ አዎንታዊንና አሉታዊን ጨምሮ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክፍልፋይ ግን አይገባም። ክሪስታሉ በሙሉ በመ መጠን ሲሸጋሸግ እያንዳንዱ አቶም በራሱ ዓይነት አቶም ቦታ ላይ ያርፋል፣ ሥዕሉም ከቀድሞው አይለይም። በዚህ ሥራ ላይ የሚፈጸሙት ስሕተቶች አብዛኞቹ ይህን ፈተና ዘልሎ አቶምን ሁሉ የላቲስ ነጥብ አድርጎ ከመቁጠር የሚመነጩ ስለሆኑ፣ በሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

1ኛ ደረጃ፦ አንዱን ገጽ በወረቀት ላይ መሳል

በሦስት አቅጣጫ ከመጀመር በአንድ ገጽ መጀመር ይሻላል። በስኩዌር ደብተሩ ላይ የመስመሮቹን መገናኛዎች በተራ በሶዲየምና በክሎሪን ይሙሉ፤ ሶዲየምን በጥቁር ነጥብ፣ ክሎሪንን በባዶ ክብ ቢያመለክቱ ይበቃል። በአግድምም ሆነ በቁልቁል የሶዲየም ጎረቤት ሁልጊዜ ክሎሪን፣ የክሎሪን ጎረቤትም ሁልጊዜ ሶዲየም ይሆናል። በእውነተኛው ጨው በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል ያለው ርቀት 2.82 አንግስትሮም ነው፤ 1 አንግስትሮም የ1 ናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ሥዕሉ በየአቅጣጫው ቢያንስ ስድስት ስድስት አቶም ይኑረው፤ ከዚያ ካነሰ ድግግሞሹ የት ላይ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ ለዓይን አይለይም።

2ኛ ደረጃ፦ ተመሳሳይ ነጥቦችን መለየት

አንድ ሶዲየም ይምረጡና በቀይ ይክበቡት። ቀጥሎ ከእርሱ ጋር ፍጹም ተመሳሳይ አካባቢ ያላቸውን ነጥቦች ሁሉ ይክበቡ። ሶዲየሞቹ በሙሉ ይከበባሉ፤ ክሎሪኖቹ ግን ምንም እንኳ በዙሪያቸው የሚገኙት ጎረቤቶች በቁጥርም በርቀትም እኩል ቢሆኑ፣ ዓይነታቸው የተለየ ስለሆነ አይከበቡም። አሁን አቶሞቹን በሐሳብዎ ያጥፏቸውና ቀይ ክቦቹን ብቻ ያስቀሩ፤ የቀረው ላቲሱ ነው።

መነሻውን ከሶዲየም ይልቅ ክሎሪን ላይ፣ ወይም ምንም አቶም በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ማድረግም ይቻላል። የሚገኘው ላቲስ ያው ነው፤ ቦታው ብቻ ይሸጋሸጋል። ላቲስ የሚናገረው ስለ ድግግሞሽ እንጂ ስለ አቶም ቦታ እንዳልሆነ በራስ እጅ ለማረጋገጥ ከዚህ የሚቀል ሙከራ የለም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በተለየ መነሻ ደግሞ መሥራቱ ይመከራል።

3ኛ ደረጃ፦ ቬክተሮችን መምረጥ

ከተመረጠው ቀይ ነጥብ ተነሥተው በጣም ቅርብ ወደሆነው ቀይ ነጥብ ቀስት ይሳሉ። ይህ ቀስት በአግድም አይሄድም፤ በአግድም የሚገኘው የመጀመሪያ ጎረቤት ክሎሪን ነውና ቀስቱ በሰያፍ ይሄዳል፣ ርዝመቱም 3.99 አንግስትሮም ነው። ሁለተኛውን ቀስት ከመጀመሪያው ጋር በአንድ መስመር ላይ ወዳልሆነው ሌላ ቅርብ ነጥብ ይሳሉ። ሁለቱ ቀስቶች የሚያጥሩት በ45 ዲግሪ የዞረ ካሬ ሲሆን ስፋቱ 15.9 ካሬ አንግስትሮም ነው።

ብዙ ሰው ግን በመጀመሪያ እይታ የሚመርጠው የዞረውን ሳይሆን ቀጥ ብሎ የቆመውንና ጎኑ 5.64 አንግስትሮም የሆነውን ካሬ ነው። ይህም ስሕተት አይደለም። የዚህ ካሬ ስፋት 31.8 ስለሆነ ከዞረው ካሬ በእጥፍ ይበልጣል፤ በውስጡም አንድ ሳይሆን ሁለት የላቲስ ነጥብ ይይዛል፤ አንዱ ከአራቱ ጥጎች ሩብ ሩብ ተደምሮ የሚገኘው፣ ሌላው መሐል ላይ ያለው ነው። በሽግሽግ እየተደጋገመ ክሪስታሉን በሙሉ የሚሞላ እንዲህ ያለ ቁራጭ ዩኒት ሴል ይባላል፤ አንድ ነጥብ ብቻ የሚይዘው ፕሪሚቲቭ ዩኒት ሴል ነው፤ ትልቁ ደግሞ የካሬውን ሲሜትሪ በግልጽ ስለሚያሳይ ለሥራ የሚመረጠው መደበኛ ዩኒት ሴል ነው። አስቸጋሪው ነገር ትልቁን ይዞ ፕሪሚቲቭ ነው ብሎ መጻፍ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ወደ መሐል የሚወስደው የሽግሽግ ቬክተር ከመዝገቡ ይጠፋል።

የፕሪሚቲቭ ቬክተሮች ምርጫ አንድ ብቻ አይደለም። ሀ እና ለ ትክክል ከሆኑ፣ ሀ እና (ሀ + ለ) ደግሞ እኩል ትክክል ናቸው፤ የሚያጥሩት ቅርጽ ያዘመመ ይሆናል እንጂ ስፋቱ አይለወጥም። በተግባር ግን አጫጭሮቹን ቬክተሮች መምረጥ ተከታዩን ስሌት ያቀልላል።

4ኛ ደረጃ፦ ወደ ሦስት አቅጣጫ ማሳደግ

አሁን ሁለተኛውን ንጣፍ ከመጀመሪያው በላይ በ2.82 አንግስትሮም ከፍታ ያስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ ሶዲየም አናት ላይ ክሎሪን፣ በእያንዳንዱ ክሎሪን አናት ላይ ሶዲየም ይውላል። ሦስተኛው ንጣፍ የመጀመሪያው ድጋሚ ነው። የሚገኘው መደበኛ ዩኒት ሴል ጠርዙ 5.64 አንግስትሮም የሆነ ኩብ ሲሆን፣ ሶዲየሞቹ በስምንቱ ጥጎችና በስድስቱ ገጾች መሐል ይሆናሉ። ይህ አደራደር ገጸ ማዕከላዊ ኩብ ይባላል።

ፕሪሚቲቭ ቬክተሮቹ ከአንድ ጥግ ተነሥተው በዚያ ጥግ ላይ ወደሚገናኙት ሦስት ገጾች መሐል የሚሄዱት ናቸው፤ በአንግስትሮም ሲጻፉም፦

ሀ = (0፤ 2.82፤ 2.82)
ለ = (2.82፤ 0፤ 2.82)
ሐ = (2.82፤ 2.82፤ 0)

በየሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ምርጫው ፕሪሚቲቭ መሆኑን ለማረጋገጥ ከሦስቱ ረድፎች የሚሠራውን ዲተርሚናንት ያስሉ፤ ምልክቱን ትቶ መጠኑ የዩኒት ሴሉን ይዘት ይሰጣል። እዚህ ላይ ውጤቱ 2 × 2.82³ ወይም 44.85 ኩቢክ አንግስትሮም ነው። የትልቁ ኩብ ይዘት 179.4 ስለሆነ ሬሾው ልክ 4 ይወጣል፤ በኩቡ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ብንቆጥርም ከስምንቱ ጥጎች አንድ ስምንተኛ አንድ ስምንተኛው ተደምሮ 1፣ ከስድስቱ ገጾች ግማሽ ግማሹ ተደምሮ 3፣ በድምሩ 4 ይሆናል። ሁለቱ ካልተስማሙ ወደ 2ኛው ደረጃ መመለስ ያስፈልጋል።

5ኛ ደረጃ፦ ቤዚሱን መጻፍ

በዩኒት ሴሉ ውስጥ ያሉ አቶሞች ቦታቸው የሚጻፈው በአንግስትሮም ሳይሆን የቬክተሮቹ ክፍልፋይ ሆኖ ነው። ለጨው በፕሪሚቲቭ ቬክተሮቹ ሲጻፍ ሶዲየም (0፤ 0፤ 0)፣ ክሎሪን (½፤ ½፤ ½) ይሆናል፤ መዋቅሩ በዚህ ተጠናቀቀ። በትልቁ ኩብ ከተጻፈ ግን አራት ሶዲየምና አራት ክሎሪን መዘርዘር ይኖርበታል፤ ሶዲየሞቹ (0፤ 0፤ 0)፣ (½፤ ½፤ 0)፣ (½፤ 0፤ ½) እና (0፤ ½፤ ½) ላይ፣ ክሎሪኖቹ ደግሞ (½፤ ½፤ ½)፣ (½፤ 0፤ 0)፣ (0፤ ½፤ 0) እና (0፤ 0፤ ½) ላይ ይገኛሉ። አንድ አቶም ከሴሉ ውጪ ከወደቀ፣ ለምሳሌ (1¼፤ −½፤ 0) ላይ ከሆነ፣ ሙሉ ቁጥር በመደመር ወይም በመቀነስ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ይኸኛው (¼፤ ½፤ 0) ይሆናል።

ቤዚሱ አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን መሆኑ በጨው ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተያያዙ ሞለኪውሎች አሉ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሶዲየም በእኩል ርቀት በስድስት ክሎሪኖች ተከቧል፤ ከስድስቱ የትኛው የእርሱ ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ሎረንስ ብራግ የጨውን መዋቅር በኤክስሬይ በ1913 ካሳወቀ ከ14 ዓመት በኋላ እንኳ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ ይህን የዳማ ሰሌዳ የመሰለ አደራደር አልቀበልም ብሎ በአደባባይ ጽፏል፤ ሞለኪውል የሌለበት ውሕድ ለዚያ ዘመን ኬሚስቶች ምን ያህል እንግዳ እንደነበረ ከዚህ ይታያል።

6ኛ ደረጃ፦ በእፍግታ መፈተን

የተጻፈው መዋቅር ትክክል ከሆነ የቁሱን እፍግታ መስጠት አለበት። የሶዲየምና የክሎሪን ሞላር መጠነ ቁስ ድምር 58.44 ግራም ነው። በትልቁ ኩብ ውስጥ አራት ጥንድ ስላለ 4 × 58.44 በአቮጋድሮ ቁጥር (6.022 × 10²³) ይካፈላል፤ ውጤቱ እንደገና በኩቡ ይዘት (1.794 × 10⁻²² ኩቢክ ሴንቲሜትር) ይካፈላል። የሚገኘው 2.16 ግራም በኩቢክ ሴንቲሜትር ነው፣ ጨው ተመዝኖ ከሚገኘው እፍግታ ጋርም ይስማማል። ውጤቱ ግማሽ ወይም እጥፍ ሆኖ ከመጣ ስሌቱን ከመጠራጠር በፊት የአቶም ቆጠራውን መጠራጠር ይገባል።

ቬክተሮቹ ቀጤ ነክ ሳይሆኑ ሲቀሩ

ኩብ ቸር ነው፤ ብዙ ስሕተት ይሸፍናል። ስለዚህ ግራፊንን መሞከር ያስፈልጋል። ግራፊን አንድ የካርቦን አቶም ውፍረት ያለው ንጣፍ ሲሆን፣ አቶሞቹ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ዓይኖች እየሠሩ በ1.42 አንግስትሮም ርቀት ይያያዛሉ። ሁሉም አቶም ካርቦን፣ ሁሉም ሦስት ሦስት ጎረቤት ያለው ስለሆነ፣ እያንዳንዱ አቶም የላቲስ ነጥብ ነው ለማለት ይከጅላል።

ፈተናውን እናድርግ። ከአንድ አቶም ወደ ጎረቤቱ ቀስት ይሳሉ፤ ያንኑ ቀስት ሳያዞሩ ከጎረቤቱ ላይ አስነሥተው ይድገሙት። ጫፉ የሚያርፈው በአቶም ላይ ሳይሆን ባዶ በሆነው የስድስት ጎኑ መሐል ነው። እንግዲያው ይህ ቀስት የሽግሽግ ቬክተር አይደለም። ምክንያቱን ለማየት ሁለቱን አቶሞች ማነጻጸር ይበቃል፤ የአንዱ ሦስት ጎረቤቶች ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ታችና ወደ ቀኝ ታች ከሆኑ፣ የሌላው ወደ ታች፣ ወደ ግራ ላይና ወደ ቀኝ ላይ ናቸው። አካባቢያቸው በ180 ዲግሪ የዞረ ስለሆነ በሽግሽግ ብቻ አይገጥሙም።

ትክክለኛዎቹ ቬክተሮች ከአንድ አቶም አንዱን ጎረቤት ዘልለው ወደ ቀጣዩ የሚሄዱት ናቸው፤ ርዝመታቸው 2.46 አንግስትሮም፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ነው፤ ቤዚሱም (0፤ 0) እና (⅓፤ ⅔) ላይ የተቀመጡ ሁለት ካርቦኖች ናቸው።

በእነዚህ ሁለት አቶሞች መካከል ያለውን ርቀት ሲያሰሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፓይታጎረስ ብቻ ከሄዱ 1.83 ያገኛሉ፣ ይህም ስሕተት ነው። ቬክተሮቹ ቀጤ ነክ ስላልሆኑ የማዕዘኑ ኮሳይን መግባት አለበት፦

ርቀት² = 2.46² × [(⅓)² + (⅔)² + 2 × ⅓ × ⅔ × ኮሳይን 120]

የ120 ዲግሪ ኮሳይን −½ ስለሆነ በቅንፉ ውስጥ ያለው ⅓ ይሆናል፤ ርቀቱም 1.42 ይወጣል። በሦስት አቅጣጫም መንገዱ ያው ነው፤ ለሦስቱ ጥንድ ቬክተሮች ሦስት የኮሳይን አባሎች ይጨመራሉ።

መሐሉ የሚያሳስተው ኩብ

ብረት በክፍል ሙቀት ጠርዙ 2.87 አንግስትሮም በሆነ ኩብ ጥጎችና መሐል ላይ ይቀመጣል። ሲዚየም ክሎራይድም ሲሳል ያንኑ ይመስላል፤ ጠርዙ 4.12 ሲሆን በጥጎቹ ላይ አንዱ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም)፣ መሐል ላይ ሌላው ይገኛል። በብረት ውስጥ ከጥግ ወደ መሐል የሚሄደው ቀስት ብረትን በብረት ላይ ስለሚያሳርፍ የሽግሽግ ቬክተር ነው፤ ላቲሱም አካል ማዕከላዊ ነው። በሲዚየም ክሎራይድ ግን ያው ቀስት ሲዚየምን ወደ ክሎሪን ስለሚወስድ ላቲሱ ቀላል ኩብ፣ ቤዚሱ ሁለት አዮን ነው። ይህን ውሕድ አካል ማዕከላዊ እያሉ የሚጽፉ ማስታወሻዎች ጥቂት አይደሉም።

ላቲሱን በስሙ መጥራት

ቬክተሮቹ ከተገኙ በኋላ ርዝመታቸውን፣ ማዕዘናቸውንና ተጨማሪ ማዕከላዊ ነጥብ መኖሩን አይቶ ላቲሱን ከ14ቱ የብራቬ ላቲሶች፣ ማለትም በሦስት አቅጣጫ ሊኖሩ ከሚችሉት የላቲስ ዓይነቶች፣ ከአንዱ ጋር ማዛመድ ይቻላል። ጀርመናዊው ፍራንከንሃይም 15 ቆጥሮ ነበር፤ ፈረንሳዊው ኦጉስት ብራቬ ግን በ1848 ሁለቱ በእርግጥ አንድ መሆናቸውን አሳየ። እንዲህ ያለው መደራረብ ዛሬም ያጋጥማል፤ ለምሳሌ ቁመቱ ከመሠረቱ የተለየ ገጸ ማዕከላዊ ሳጥን ከተገኘ፣ መሠረቱን በ45 ዲግሪ በማዞር ይዘቱ ግማሽ ወደሆነ አካል ማዕከላዊ ሳጥን መቀየር ስለሚቻል ለብቻው አይቆጠርም።

በ72 ዲግሪ ሲዞር ራሱን የሚደግም ላቲስ የለም፤ ዙረትና ሽግሽግ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት ለ2፣ 3፣ 4 እና 6 እጥፍ ዙረት (ለ180፣ 120፣ 90 እና 60 ዲግሪ) ብቻ ነው። ዳን ሼክትማን በ1982 ከአሉሚኒየምና ከማንጋኒዝ ቅይጥ ላይ የተበተኑ ኤሌክትሮኖች የሚሠሩትን ባለ አሥር እጥፍ የነጠብጣብ ሥዕል ባየ ጊዜ ብዙዎች ያልተቀበሉት በዚህ ምክንያት ነበር። ቁሱ ሥርዓት አለው፣ የሽግሽግ ቬክተር ግን የለውም፤ ሼክትማንም ለዚህ ግኝት በ2011 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። እንዲህ ባለው ቁስ ላይ ይህ መመሪያ አይሠራም።

የመጨረሻው ደረጃ፦ ከኤክስሬይ ጋር ማመሳከር

የዱቄት ኤክስሬይ ውጤት፣ ማለትም ከተፈጨው ቁስ የተበተነው ጨረር በየትኞቹ ማዕዘኖች እንደሚጎላ በመስመሮች የሚያሳይ መዝገብ፣ በእጅ ካለ፣ የተገኘው ጠርዝ መስመሮቹን በትክክለኛው ማዕዘን ማስቀመጥ አለበት። ለኩብ የጠለሎቹ (አቶሞቹ የሚደረደሩባቸው ትይዩ ንጣፎች) ርቀት ጠርዙ በሦስቱ የጠለል ቁጥሮች (የጠለሉን አቅጣጫ የሚገልጹ ሙሉ ቁጥሮች) ካሬዎች ድምር ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ የዚህ ርቀት እጥፍ ጨረሩ ከጠለሉ ጋር በሚሠራው ማዕዘን ሳይን ሲባዛ ከሞገዱ ርዝመት ጋር እኩል ይሆናል። መሣሪያው የሚያሳየው ግን የዚህን ማዕዘን እጥፍ ነው። የመዳብ ቱቦ ለሚሰጠው 1.5406 አንግስትሮም ሞገድ የጨው የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች በ27.4፣ 31.7 እና 45.4 ዲግሪ ይታያሉ፤ የጠለል ቁጥሮቻቸውም 111፣ 200 እና 220 ናቸው። በገጸ ማዕከላዊ ላቲስ ሦስቱ ቁጥሮች ሁሉም ጎዶሎ ወይም ሁሉም ሙሉ (በ2 የሚካፈሉ) መሆን ስላለባቸው 100 እና 110 አይታዩም።

ፖታሲየም ክሎራይድ በዚሁ መዋቅር የተሠራ ሆኖ ሳለ ያታልላል። ኤክስሬይን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ሲሆኑ፣ የፖታሲየምና የክሎሪን አዮኖች እኩል 18 ኤሌክትሮን ስላላቸው ለኤክስሬይ ከሞላ ጎደል አንድ ይመስላሉ፤ ስለዚህ 111ን የመሰሉት ባለ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮች እጅግ ደክመው ይጠፋሉ። የቀሩትን ብቻ ያነበበ ሰው ጠርዙ 3.15 አንግስትሮም የሆነ ቀላል ኩብ ያገኛል። እዚህ ላይ የሚያድነው 6ኛው ደረጃ ነው፤ የቁሱን እፍግታ 1.98 በዚህ ትንሽ ኩብ ይዘትና በአቮጋድሮ ቁጥር ብናባዛ 37.3 ግራም ያህል እናገኛለን፣ ይህም ከፖታሲየም ክሎራይድ ሞላር መጠነ ቁስ፣ ከ74.55፣ ግማሽ ነው። ግማሽ ጥንድ የሚይዝ ዩኒት ሴል ሊኖር ስለማይችል ጠርዙን በሦስቱም አቅጣጫ በእጥፍ ወደ 6.29 ያሳድጉ፤ ይዘቱ ስምንት እጥፍ፣ በውስጡ ያሉት ጥንዶችም 4 ይሆናሉ።